ማኑቬላው መሐል ላይ ስለ ቆመ የሒሳብ ማሽን

እዚሁ አዳማ የሚኖሩ አንድ ጠያቂ ያቀረቡልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡት አባታቸው ካረፉ በኋላ፣ ከቁም ሣጥናቸው ሥር በአቡጀዴ የተጠቀለለ ከባድ የብረት ማሽን ተገኘ። ፊቱ ላይ «ኦሪጅናል ኦድነር» ተብሎ ተጽፎበታል፤ በስተቀኙ ማኑቬላ (በእጅ የሚዞር እጀታ) አለው። ማኑቬላው ግን መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ ብሏል። በኃይል ላዙረው ወይስ ዘይት ላፍስበት፣ ቀለሙን ባሳድሰውስ፣ ዋጋስ ያወጣል ወይ፣ ከዚህ ተነሥቼ የድሮ የሒሳብ መሣሪያዎችን መሰብሰብ ብጀምር ምን ልፈልግ ሲሉ ጠይቀዋል። የማሽኑንም ፎቶግራፍ አያይዘዋል።

እኔ በዚህ ከተማ 30 ዓመት ያህል የጽሕፈት መኪናና የሒሳብ ማሽን ስጠግን የኖርሁ ሰው ነኝ። እነዚህን ማሽኖች እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ። ከሁሉ በፊት ግን አደራ የምለው አለ። በኃይል አያዙሩት፤ ዘይት አያፍሱበት፤ የቀለም ብሩሽም አያስነኩት። ከፎቶግራፉ እንደማየው ማሽንዎ አልተሰበረም። አንድ ዙር ጀምሮ ሳይጨርስ የቆመ ማሽን ነው፤ ይህንንም መስኮቶቹ ላይ የቀሩት አኃዞች ራሳቸው ይናገራሉ።

እንዴት እንደሚናገሩ ላሳይዎ። በፎቶው ላይ ከላይ ባለው ክብ ገጽ ያሉት የአኃዝ ማንሻዎች 4፣ 7 እና 5 ላይ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ማሽኑ ላይ የተሞላው ቁጥር 475 ነው። ዙር የሚቆጥረው መስኮት በ3 እና በ4 መካከል ቆሟል። የውጤቱ መስኮት ደግሞ 1890 ይላል። 475 በ3 ሲባዛ 1425፣ በ4 ሲባዛ 1900 ይሆናል፤ 1890 ግን ከሁለቱም አይደለም። ታዲያ ከየት መጣ? 1425 ላይ 475 ስንደምር አንዱን ቤት ካንዱ ሳናነካካ፣ «አንድ ይዤ» የምንለውን ትተን ብንደምር፣ 5 እና 5 ዜሮ ይሆናል፣ 2 እና 7 ዘጠኝ ይሆናል፣ 4 እና 4 ስምንት ይሆናል፣ 1 ባለበት ይቀራል፤ ይህም 1890 ነው። እንግዲህ ማሽኑ አኃዞቹን ደምሮ ጨርሷል፤ የተያዘውን አንድ ወደ ግራ ሳያሻግር ግን ቆሟል። ዙሩ ቢያልቅ ኖሮ አንዱ ወደ ዐሥር ቤት ተሻግሮ 9ን ዜሮ ያደርገው ነበር፤ ከዚያም ሌላ አንድ ወደ መቶ ቤት ተሻግሮ 8ን 9 ያደርገውና 1900 ይነበብ ነበር። አቅጣጫውም ከዚሁ ይታወቃል። ከ1900 ላይ 475 እየተቀነሰ የቆመ ቢሆን ኖሮ መስኮቱ ላይ የሚታየው 1535 ነበር። ስለዚህ ማኑቬላው የቆመው በመደመር ዙር ላይ፣ ከግማሽ በላይ ሄዶ፣ ማሻገሪያው በሚጀምርበት ቦታ ነው።

ይህ ቦታ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። እጄ ላይ ከገቡት የዚህ ዓይነት ማሽኖች መካከል «ተጣበቀ» ተብለው የመጡት አብዛኞቹ የቆሙት እዚሁ ጋ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ክዳኑ ሲነሣ በአንድ ዘንግ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ጎማዎች ይታያሉ። እያንዳንዱ ጎማ ወደ ውጭ የሚወጡና ወደ ውስጥ የሚገቡ 9 ትንንሽ ጥርሶች አሉት። ማንሻውን 7 ላይ ሲያደርጉ ሰባቱ ጥርሶች ይወጣሉ፣ ሁለቱ ተደብቀው ይቀራሉ። ማኑቬላው ሲዞር የወጡት ጥርሶች ብቻ የውጤቱን ጎማ እየነኩ ሰባት እርምጃ ያራምዱታል። ይህ የዙሩ ቀላል ክፍል ነው፤ ልጅ እንኳ በአንድ ጣቱ ያዞረዋል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከ9 ወደ ዜሮ ያለፈ ጎማ ሁሉ በአጠገቡ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ገፍቶ «እኔ ሞልቻለሁ» ይላል፤ በዘንጉ ላይ በተርታ የተሰደሩት አሻጋሪ ጥርሶችም ከቀኝ ወደ ግራ ተራ በተራ እየደረሱ፣ ማንሻው ከተገፋበት ቤት በስተግራ ላለው ቤት አንድ ይጨምሩለታል። እነዚህ ማንሻዎች እያንዳንዳቸው ሞላ አላቸው፤ ዘይቱ ለዓመታት ደርቆ እንደ ሙጫ ሲይዛቸው መጀመሪያ የሚደክሙት እነሱ ናቸው። የማሽኑ ጉልበት የሚፈተነውም፣ የማሽኑ ሰሪ ብልሃት የሚለካውም እዚህ ላይ ነው።

የሒሳብ መሣሪያዎችን ታሪክ ከዚህች ከተያዘችው አንድ ጋር አያይዤ የምነግርዎ በምክንያት ነው፤ ለመሰብሰብ ለሚነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም። ብሌዝ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1642 ማሽኑን መሥራት ሲጀምር ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር። አባቱ ሩዋን በምትባል ከተማ የግብር ሹም ነበሩና ሌሊቱን ሙሉ ሲደምሩ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ቁጥር የተጻፈበትን ጎማ በጥርስ ማዞር ያን ያህል አላስቸገረውም፤ የደከመው ጎማው ከ9 ወደ ዜሮ ሲያልፍ ጎረቤቱን አንድ እንዲያራምድ ማድረጉ ላይ ነበር። ለዚህም በክብደቷ ወድቃ የምትገፋ ማንሻ አበጀ። ከእሱ በኋላ የጀርመኑ ላይብኒትዝ ማባዛትንም የሚችል፣ ርዝመታቸው ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ጥርሶች ያሉት ከበሮ ፈለሰፈ፤ ሐሳቡ ድንቅ ነበር፣ ማሻገሪያው ግን ብዙ ቤት በተርታ ሲሞላ ያለ ሰው እርዳታ አልሠራ ብሎ አስቸግሮታል። ያ የላይብኒትዝ ማሽን ተረስቶ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1879 በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ሥር መገኘቱን ሳስብ የእርስዎ ቁም ሣጥን ይታወሰኛል። የላይብኒትዝን ከበሮ ለገበያ ያበቃው ፈረንሳዊው ቶማስ ደ ኮልማር ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1820 ሲሆን በብዛት ለሽያጭ ማምረት የጀመረው ግን በ1851 ነው።

የእርስዎ ማሽን አባት እዚህ ላይ ይመጣል። ቪልጎት ኦድነር ስዊድናዊ መሐንዲስ ነበር፤ ይኖር የነበረው በሩስያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። አንድ የቶማስ ማሽን እንዲጠግን ተሰጠው፤ ሲፈታው «ይህን ሁሉ ከበሮ ምን አመጣው፣ ጥርሱ ራሱ ቢወጣና ቢገባስ?» ወደሚለው ሐሳብ ደረሰ። ጠጋኝ ሆኜ ስለኖርሁ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ የሌላውን ሥራ ፈትቶ ያየ ሰው ነው የተሻለውን ያገኘው። ከበሮው ሰፊ ቦታ የሚይዝና ከባድ ሲሆን የኦድነር ጎማ እንደ ሳንቲም ቀጭን ነው፤ በዚህም ማሽኑ አንድ ሰው በእጁ አንሥቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚያዞረው ዕቃ ሆነ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ በሰፊው አመረተ። ከሩስያ አብዮት በኋላ ቤተሰቡ ሥራውን ወደ ስዊድን፣ ወደ ጎተንበርግ አዛወረ፤ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል የተጨመረውም ተመሳሳዩ በየአገሩ በመሠራቱ ነው። ማሽንዎ ጀርባ ላይ ስዊድን መሠራቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ከዚያ ዝውውር በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ስኳር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በመሆኑና የአባትዎም ሥራ እዚያ በመሆኑ፣ ይህ ማሽን አገዳው ሲመዘን፣ የሠራተኛው የቀን ሒሳብ ሲሰላ ቢውል አያስገርምም።

ማሽኑ ሲድን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለብዎና ጥቂት ልበል። 347 ኩንታል በ26 ብር ስንት ነው እንበል። በማንሻዎቹ 347ን ይሞላሉ። ማኑቬላውን ወደ መደመሩ አቅጣጫ 6 ጊዜ ያዞራሉ። ከዚያም ከታች ያለውን፣ እንደ ጽሕፈት መኪና ወደ ግራና ቀኝ የሚሄደውን ሠረገላ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ያሻግሩና 2 ጊዜ ያዞራሉ። በ8 ዙር ሥራው አለቀ፤ አንዱ መስኮት 26፣ ሌላው 9022 ይላል። የሞሉት ቁጥር፣ ያባዙበት ቁጥርና ውጤቱ ሦስቱም አንድ ላይ ፊትዎ ተቀምጠው ይታያሉ። የድሮ ሒሳብ ሠራተኞች ሌላው እንዲያመሳክርላቸው ማሽኑን እንዳለ አዙረው ያሳዩ የነበረው ለዚህ ነው።

ማካፈሉ ከዚህም ይበልጥ የሚያምር ነው፤ በኪሳችን ያለው ካልኩሌተር የማይሰጠንንም ነገር ይሰጣል። የባሕረ ሐሳብን ስሌት እንውሰድ። የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 5500 ተጨምሮበት 7517 ነው፤ ይህ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው መደብ ይባላል። በኪስ ካልኩሌተር ብትሞክሩት 395.63 እያለ ነጥብ ያበዛል፤ ትርፉን ለማግኘት እንደገና ማባዛትና መቀነስ ያስፈልጋል። ኦድነሩ ላይ ግን 7517ን ውጤቱ መስኮት ላይ አስገብተው፣ በማንሻዎቹ 19ን ሞልተው፣ ሠረገላውን 19 በ75 ትይዩ እስኪሆን አሻግረው ወደ መቀነሱ ያዞራሉ። 3 ጊዜ ይቀነሳል፤ አራተኛውን ሲያዞሩ መስኮቱ በ9 ተሞልቶ ደወሉ ቅጭል ይላል። ደወሉ «አለፍህ፣ አንድ መልስ» ማለቱ ነው። አንድ ዙር ወደ መደመሩ ይመልሳሉ፣ ሠረገላውን አንድ ቤት ወደ ግራ ያመጣሉ፣ አሁን 9 ጊዜ ይሄዳል፤ ደግመው ያሻግራሉ፣ 5 ጊዜ። ሲያበቁ ቆጣሪው 395፣ ውጤቱ መስኮት 12 ይላል። መደቡ 12 ነው። አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 11፤ 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፤ 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30፣ ልክ ነው። የጠገንሁትን ማሽን ሁሉ ለባለቤቱ ከመስጠቴ በፊት የምፈትነው በዚሁ ስሌት ነው፤ መደመሩን፣ መቀነሱን፣ ማሻገሪያውንና ደወሉን በአንድ ላይ ይፈትሽልኛል።

ወደ ጥገናው እንመለስ። ማኑቬላው መሐል ላይ ሳለ የአኃዝ ማንሻዎቹም ሠረገላውም እንደማይንቀሳቀሱ አስተውለው ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዙር ሳያልቅ ቁጥር እንዳይለወጥና ሒሳቡ እንዳይበላሽ ሰሪው ሆን ብሎ ያደረገው ቁልፍ ነው። ወደ ኋላ አልመለስ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተጀመረ ዙር በተጀመረበት አቅጣጫ ብቻ እንዲያልቅ የሚያስገድድ መቆለፊያ አለው። ስለዚህ መውጫው አንድ ነው፤ ወደ ፊት፣ ወደ መደመሩ። ማሽኑን ከቤት ውጭ፣ ጥላ ባለበትና ቡና የሚፈላበት ከሰል በሌለበት ቦታ ያውጡት፤ ሲጋራም አይጠጋው። የክዳኑን ብሎኖች በልኩ በሆነ ካቻቢቴ ይፍቱ፤ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን አናት ይበላዋል፣ የተበላ ብሎን ደግሞ በሰብሳቢ ዓይን ወዲያው ይታያል። እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ጋር በወረቀት ላይ እየለጠፉ ያስቀምጡ። ከዚያ ንጹሕ ቤንዚን በትንሽ ብሩሽ እየነከሩ የማሻገሪያ ማንሻዎቹን ሥር ብቻ ያርሱ፤ ቀለሙንና በጎማዎቹ ላይ የተጻፉትን አኃዞች አይንኩ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ይድገሙ፣ እስከ ማግሥቱ ይተዉት። ማግሥቱን ማኑቬላውን በሁለት ጣት ብቻ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ፊት ይገፉት። ካልሄደ ይድገሙ። አንዳንዱ ሦስት ቀን፣ አንዳንዱ ሳምንት ይወስዳል።

ላምባ አይጠቀሙ፤ ያላቅቃል፣ ነገር ግን ቅባቱን ጥሎ ይሄዳል። በቆርቆሮ የሚረጨው የዝገት ማላቀቂያም እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ ያስደስታል፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሙጫ ይሆናል። የምግብ ዘይት የፈሰሰባቸው ማሽኖች መጥተውልኝ ያውቃሉ፤ ከነሱ የከፋ የለም። ማሽኑ ከጸዳና ከደረቀ በኋላ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ በዘንጉ በሁለቱ ዳር ላይ፣ አንድ ጠብታ ሠረገላው በሚንሸራተትበት ላይ ይበቃዋል። ጥርስ የሚወጣባቸው ጎማዎች ደረቅ ይሁኑ። የአዳማን ነፋስ ያውቁታል፤ አቧራው በመስኮት ሥንጥቅ ይገባል፣ ዘይት ያገኘ አቧራ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ማሽኑን ሲያስቀምጡት አባትዎ እንዳደረጉት በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ፌስታል ግን እርጥበት ስለሚይዝ አይሆንም።

በኃይል አያዙሩ ያልሁበትን ምክንያት ልንገርዎ። ገና ሥራ ስለምድ፣ ልክ እንደዚህ የቆመ ማሽን መጥቶልኝ፣ ባለቤቱ ቸኩለው ስለ ነበር ማኑቬላው ላይ ቁራጭ ቱቦ አስገብቼ ገፋሁት። ዙሩ አለቀ፤ አንዲት የማሻገሪያ ጥርስ ግን ተቀነጠሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ማሽን ከሺህ ቤት ወደ ዐሥር ሺህ ቤት አንድ ማሻገር አቃተው፤ ትንንሹን ሒሳብ ልክ ይሠራል፣ ትልቁን ይሳሳታል፤ ለሒሳብ ማሽን ከዚህ የከፋ ሕመም የለም። ምትክ ጥርስ የትም አላገኘሁም። ያቺን ቁራጭ ብረት እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ አኑሬአታለሁ።

ቀለሙን ስለ ማሳደስ፦ አይሆንም። እንዳልሆነም አጥብቄ ነው የምለው። በፎቶው ጎን ላይ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈ ቁጥር ይታየኛል፤ ይህ የመሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር ነው። ማኑቬላው ሥር ቀለሙ የተፋቀበትም ቦታ የሒሳብ ሠራተኛ መዳፍ ለዓመታት ያረፈበት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከጠፉ ማሽኑ ከየትም ሊመጣ የሚችል ማሽን ይሆናል። በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና የረጠበ ጨርቅ፣ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ፣ በቂው ነው። አልኮልና ቲነር ያንን ቀለም ያነሡታል። ደግሞም የንብረት ቁጥሩ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። አባትዎ ማሽኑን በስንብት ስጦታ ወይም በጨረታ ያገኙበት ወረቀት ከሰነዶቻቸው መካከል ካለ ፈልገው ከማሽኑ ጋር ያኑሩት። የመሥሪያ ቤት ቁጥር ያለበት ዕቃ ወረቀቱ አብሮት ሲኖር ለሰብሳቢም ለሕግም የሚያወላዳ አይሆንም።

ዋጋን በተመለከተ ኦድነር በብዛት የተመረተ ማሽን ነው፤ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ብርቅ ተብሎ አይታይም። የሩስያው ወንድሙ «ፌሊክስ» ደግሞ ከ1929 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ስለ ተመረተ ከዚያም በላይ የበዛ ነው። ፊቱ ላይ የሩስያ ፊደል ያለበት፣ 9 ማንሻዎችና 13 ቤት ያለው የውጤት መስኮት ያለው ማሽን ካገኙ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። በዋጋ ደረጃ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ኩርታ የተባለው ነው። እንደ በርበሬ መፍጫ በእጅ ተይዞ ከላይ የሚዞር፣ በአንድ መዳፍ የሚገባ ማሽን ነው። ኩርት ሄርትዝሽታርክ የተባለው ኦስትሪያዊ ንድፉን የጨረሰው በናዚዎቹ የቡከንቫልድ እስር ቤት ሳለ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በሊክተንሽታይን ከ1948 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. 140,000 ያህል ተመረተ። ዛሬ ደኅናው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። ይሁን እንጂ የእርስዎ ማሽን የሚለካው በዚህ አይመስለኝም። ማን እንደ ሠራበት፣ የት እንደ ሠራ፣ በምን ተራ እንደ ተመዘገበ የሚታወቅ የአዳማና የወንጂ ማሽን ሌላ ሰው በገንዘብ ሊያገኘው የማይችለው ነው።

ለመሰብሰብ ከተነሡ ምክሬ በስምና በውበት ሳይሆን «ይህ ማሽን አንዱን እንዴት ያሻግራል?» በሚለው ይምረጡ ነው። አንድ ባለ ጥርስ ጎማ አለዎ። ቀጥሎ ባለ ከበሮ አንድ፣ ቀጥሎ በወረቀት ጥቅልል ላይ እያተመ የሚደምር አንድ ቢያገኙ፣ ሦስቱን ጎን ለጎን ከፍተው ሲያዩ የ300 ዓመት ሐሳብ ፊትዎ ይዘረጋል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት በኛ አገር ሒሳብ ክፍሎች «አዲንግ ማሽን» እየተባለ ሲጠራ የኖረው ነው። የጣሊያኑ ኦሊቬቲ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲቪሱማ 24 በዚህ ረገድ ከሁሉ የማደንቀው ነው። አራቱንም ሥራ በሞተር ይሠራል፣ በወረቀት ያትማል፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር ግን አንድም የለበትም፤ ሲያካፍል የሚያሰማው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ነገር ግን ለጀማሪ ጠጋኝ አይሆንም። ውስጡ በሺህ በሚቆጠሩ ክፍሎችና በሞላዎች የተሞላ ነውና ላየው ብለው አይፍቱት።

የኤሌክትሮኒኩ ዘመን አጭርና ፈጣን ነው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ የሆነው የጠረጴዛ ካልኩሌተር በ1961 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የወጣው አኒታ ነው። በ1971 የጃፓኑ ቢዚኮም ለካልኩሌተሩ ያሠራው ቺፕ፣ ኢንቴል 4004፣ ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ዘሩ ከዚያ ይቆጠራል። በ1972 ሒውሌት ፓካርድ ኤችፒ 35ን በ395 ዶላር ሲያወጣ መሐንዲሶች ከ300 ዓመት በላይ የያዙትን ተንሸራታች ማስሊያ (ስላይድ ሩል) ማስቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄዶ ካልኩሌተር የሱቅ ዕቃ ሆነ። ለአዳማ ሰብሳቢ ከእነዚህ መካከል እጁ ላይ ሊገቡ የሚችሉት አኃዛቸው በቀይ ወይም በአረንጓዴ የሚበራ የ1970ዎቹ የኪስ ካልኩሌተሮችና «ኤሌክትሮኒካ» የሚል የሩስያ ጽሑፍ ያለባቸው ናቸው፤ የደርግ ዘመን መሐንዲሶችና መምህራን ቤት ይፈልጉ።

እነዚህን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት የባትሪውን ቤት ነው። ተረስቶ የቀረ ባትሪ ፈሶ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጨው ካበቀለ፣ ባትሪውን አውጥተው በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ በረጠበ የጥጥ ጫፍ ይጥረጉ፣ ከዚያ በጥቂት ውሃ፣ ከዚያ ያድርቁ። ሁለተኛው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ከአሜሪካ የመጣ የጠረጴዛ ማሽን ብዙውን ጊዜ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛው ሶኬት 220 ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ሳያነቡ የሰኩት ማሽን በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል፤ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ግድ ነው። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ብርቱካናማ አኃዝ የሚያበሩት ማሽኖች ደግሞ ውስጣቸው ከ150 ቮልት በላይ ስለሚይዙ ተሰክተው ሳለ ክዳናቸው አይነሣ።

የት ይገኛሉ ላሉት፣ ቆራሌው ከእርስዎ ይቀድማል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ወሬውን ሰምቼ ስደርስ፣ ወደ 20 የሚሆኑ የእጅ ማሽኖች በኪሎ ተመዝነው ተጭነው ሄደው ነበር። ወለሉ ላይ የቀረችው አንዲት ማኑቬላ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሠራተኞችን፣ ገንዘብ ያዦችንና የባቡር መሥሪያ ቤት ሰዎችን ቀድመው ያነጋግሩ። ፍራንኮ ሰፈር ያሉትን ሽማግሌዎች ጨምሮ፣ ብዙዎቹ እነሱ ቤት ማሽን ባይኖር እንኳ ማን ቤት እንዳለ ያውቃሉ። በጨረታ የሚወጣ ሲያገኙም ደረሰኙን ሳይዙ አይውጡ። ከማሽኑ ጋር ሰውየውንም ያናግሩና የሚሉትን ይጻፉ። በየትኛው ጣት እንዴት ያዞሩ እንደ ነበር፣ ደመወዝ ሲደርስ ስንት ሰው አብሮ ያድር እንደ ነበር መጽሐፍ አይነግርዎትም።

አሁን ወደ 475 ልመለስ። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት መስኮቶቹን በቅርብ፣ በጥሩ ብርሃን ደግመው ፎቶ ያንሡና 475፣ 1890 ብለው ከቀኑ ጋር በወረቀት ይጻፉ። ማኑቬላውን የተወው አባትዎ ይሁን ሌላ ሰው፣ ያ ቁጥር በማሽኑ ላይ የተሠራው የመጨረሻ ሒሳብ ነው፤ መስኮቶቹን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ማጥፊያ አንዴ ከተጎተተ አይመለስም። ቤንዚኑ ሥራውን ሠርቶ ዙሩ ሲያልቅ ወዲያው አያጥፉት፤ መስኮቱን ያንብቡ። 1900 ካለ ማሻገሪያው ጤነኛ ነው፣ ቆጣሪውም 4 ላይ ይቀመጣል። 1800 ካለ፣ አንዱ ወደ ዐሥር ቤት ተሻግሮ ወደ መቶ ቤት አልተሻገረም፤ ከቀኝ ሦስተኛው ቤት አጠገብ ያለችውን ማንሻ እንደገና በቤንዚን ያርሱ። 1890 ላይ ከቀረ ግን የዐሥር ቤቷ ማንሻ ራሷ አልተነሣችም፤ ያን ጊዜ ሌላ ምንም ሳይነኩ፣ ክዳኑን መልሰው፣ ማሽኑን ይዘው ወደ እኔ ይምጡ።